ማዕረግ የለበሰው አፍንጫ

ሳቅ ሁሉ ቧልት አይደለም። በፍርሃት የታፈነ ሕዝብ በይፋ ሊናገረው ያልቻለውን እውነት በተረት አልብሶ ሲያወጣው፣ ሳቅ የኅብረተሰብን ቁስል የሚያጋልጥ መሣሪያ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሩሲያ ይህን መሣሪያ በብልሃት ከተጠቀሙበት ደራስያን ግንባር ቀደሙ ኒኮላይ ጎጎል ነው።

ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1809 በዩክሬን፣ በፖልታቫ ግዛት፣ ከአነስተኛ ባላባት ቤተሰብ ተወለደ። በ1828 መጨረሻ፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ከፍተኛ ሹም የመሆን ተስፋ ሰንቆ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ አመራ። የጠበቀው ግን የዝቅተኛ ጸሐፊነት ሥራ ነበር። በ1829 በብዕር ስም ያሳተመው የመጀመሪያ ግጥሙ በሐያስያን ሲነቀፍ ቅጂዎቹን ከየመደብሩ ሰብስቦ አቃጠላቸው።

ያም ሆኖ የቢሮክራሲውን አሠራር ከውስጥ ለማየት በቃ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ባወጣው ደንብ የመንግሥት አገልጋዮች በ14 ደረጃዎች ተከፍለው ነበር። ሰው የሚመዘነው በሥራው ሳይሆን በደረጃው ነበር።

በ1831 የዩክሬንን የሰይጣንና የጠንቋይ ተረቶች ከቀልድ ጋር አዋሕዶ ያወጣው መጽሐፍ ስሙን አስጠራ። መጽሐፉ በሚታተምበት ወቅት ወደ ማተሚያ ቤቱ ጎራ ሲል ፊደል ለቃሚዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር እንዳቃታቸው ለባለቅኔው ለፑሽኪን በደብዳቤ ገልጾለታል። የመጀመሪያዎቹ ፈራጆች ሠራተኞቹ ነበሩ ማለት ነው።

የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ የሚመዘዘው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም እንደ ወገናቸው የሚያዩት ፑሽኪን፣ አንድ የሞስኮ መጽሔት አልቀበልም ያለውን «አፍንጫ» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ በ1836 በራሱ መጽሔት አወጣው። ኮቫልዮቭ የተባለ የ8ኛ ደረጃ ሹም አንድ ማለዳ ሲነቃ አፍንጫው ከፊቱ የለም። ኋላም አፍንጫው በወርቅ የተጠለፈ የ5ኛ ደረጃ ሹም ልብስ ለብሶ ከሠረገላ ሲወርድ ያገኘዋል። በማዕረግ ስለሚበልጠው ግን የገዛ አፍንጫውን ደፍሮ ለማናገር ይፈራል። አፍንጫውም አላውቅህም ብሎ ይሸኘዋል። የከተማው ሕዝብ የሚያየው ልብሱን ብቻ ነው። ሳንሱሩ በበኩሉ ሹሙና አፍንጫው የተገናኙበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አልፈቀደም። ስለዚህ ግንኙነቱ ወደ ገበያ አዳራሽ ተዛወረ።

በዚያው ዓመት ሙሰኛ ሹማምንትን ያጋለጠው «ኢንስፔክተሩ» የተሰኘው ተውኔቱ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታየ። ብዙ ሹማምንት ተቆጡ። በነቀፌታው የተጎዳው ጎጎልም አገሩን ለቆ ለ12 ዓመታት ያህል በአመዛኙ በውጭ አገር፣ በተለይም በሮም ኖረ። በ1842 «ካፖርት» ታተመ። በዓመት 400 ሩብል የሚያገኝ ምስኪን ጸሐፊ፣ የማታ ሻዩንና ሻማውን ትቶ ያሰፋውን ካፖርት ወዲያው ይቀማል። አቤት ሊል የሄደበት ሹም ጮሆ ያባርረዋል። ጸሐፊው ታሞ ይሞትና መንፈሱ የሹማምንትን ካፖርት ሲገፍ ያድራል። በሕይወቱ ሰሚ ያጣው ሰው የተሰማው ከሞተ በኋላ ነው።

የጎጎል ድክመት የታየው በ1847 ነበር። በሽታውን ያሳየው ደራሲ ሥሩን ለመንካት አልፈለገም። ባወጣው የደብዳቤዎች መጽሐፍ የባላባቱን በገባሩ ላይ የመሠልጠን መብት ከእግዚአብሔር የተሰጠ አድርጎ አቀረበ። ሲያደንቀው የኖረው ሐያሲ ቤሊንስኪ በጽኑ ደብዳቤ አወገዘው። ያን ደብዳቤ በስብሰባ ላይ ያነበበው ዶስቶየቭስኪ በ1849 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱም በመጨረሻው ሰዓት ወደ ግዞትና የጉልበት ሥራ ተለወጠ። ጎጎል ራሱ ሥራው ለነፍሱ መጥፊያ እንዳይሆን እየፈራ፣ በየካቲት 1852 የ«ሙታን ነፍሳት»ን ሁለተኛ ክፍል የእጅ ጽሑፍ አቃጥሎ፣ ምግብ እምቢ ብሎ፣ ከቀናት በኋላ በ42 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ ዐረፈ።

ገባርነት በሩሲያ በ1861 ተሻረ፤ የ14ቱ ደረጃዎች ሥርዓትም በ1917 ፈረሰ። አፍንጫው ግን ዛሬም አልተያዘም። ማኅተም በእጁ የገባለት፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ፊት ለፊቱ የቆሙለት ሁሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየቀበሌው፣ ይህን ታሪክ አንብቦ በሌላው ላይ ብቻ ከሳቀ አላነበበውም። አስቀድሞ የገዛ አፍንጫውን ይዳብስ።