ናይቲንጌልና የተዘጋው የአዋላጆች ትምህርት ቤት

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስትባል ብዙዎቻችን የምናስበው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን ትጎበኝ የነበረችውን ሴት ነው። እኛ ግን እዚህ የምንተርከው ብዙ ጊዜ ስለማይነሣው ሌላው ሥራዋ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከባለጸጎች እንግሊዛውያን በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም ከከተማይቱ የተወሰደ ነው። ከጦርነቱ ከተመለሰች በኋላ ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ በ1860 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ከዚሁ ገንዘብ ተከፍሎ በኪንግስ ኮሌጅ ሐኪም ቤት የድኾችን ሚስቶች የሚያዋልዱ ሴቶች የሚማሩበት የወላዶች ክፍል ተከፈተ።

ነገር ግን በዚህ ክፍል አራሶቹ በትኩሳት እየተያዙ ይሞቱ ጀመር። በእንግሊዝ አገር በጠቅላላው ከ1,000 ወላዶች የሚሞቱት 5 ያህል ሲሆኑ፣ በዚህ ክፍል ከ30 በላይ ሆኑ። በ1867 ዓ.ም. ተዘጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እንዲረሳ ዝም ባለ ነበር። እርስዋ ግን በሕመም ምክንያት ከቤት የማትወጣ ስትሆን፣ ከዶክተር ጆን ሰዘርላንድ ጋራ ሆና ከለንደን፣ ከፓሪስና ከሌሎችም የአውሮፓ ከተሞች የወላዶችን መዝገብ ሰበሰበች። ሥራው እንደሚመስለን ቁጥር መደመር ብቻ አልነበረም። አንዱ ሐኪም ቤት የሚመዘግበው በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ስለ ነበረ፣ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በፊት እያንዳንዱ ምን እንደሚቈጥር መመርመር ያስፈልግ ነበር። ያልተመሳሰለውን እንደ ተመሳሰለ አድርጎ ማወዳደር ውሸት ያስከትላልና።

የተገኘው ውጤት ሐኪሞቹን የሚያስደስት አልነበረም። በቤታቸው የወለዱት ሴቶች፣ እንዲያውም በድኾች መጠለያ የወለዱት፣ ስማቸው በገነነ ሐኪም ቤቶች ከወለዱት ይልቅ በሕይወት ይተርፉ ነበር። ምክንያቱም የወላዶች መጨናነቅና ሬሳ ሲመረምሩ ወይም ሌላ በሽተኛ ሲነኩ የቈዩ የሕክምና ተማሪዎች ወደ ወላዶቹ መግባታቸው ነው ብላ ገመተች። ዛሬ ትኩሳቱን በእጅ የሚያስተላልፈው ጀርም መሆኑን እናውቃለን፤ እርስዋ ግን ይህን ሳታውቅ ቁጥሩን ተከትላ እዚያው አጠገብ ደረሰች።

ይህንኑ በ1871 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመችው፤ የራሷንም ክፍል ሞት አልደበቀችም። መታሰቢያነቱን የሰጠችው፣ የሚገርመው፣ አዋላጅ ለነበረችው ለሶቅራጥስ እናት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጥቂት አልጋ ብቻ ያላቸው ንጹሕ የማዋለጃ ቤቶችና የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠሩ ዕቅድ አውጥታለች።

የእንግሊዝ ምክር ቤት የአዋላጆችን ትምህርትና ፈቃድ በሕግ የወሰነው በ1902 ዓ.ም. ነበር። ናይቲንጌል ያን ጊዜ የ82 ዓመት አሮጊት ነበረች። በ1910 ዓ.ም. በተወለደች በ90 ዓመቷ ለንደን ውስጥ ዐረፈች።