ስቫንተ አሬኒየስ፦ የሙቀትንና የኬሚካዊ ለውጥን ዝምድና ያብራራው ሊቅ

ጠዋት የታለበ ወተት በቆላ ፈጥኖ ይረጋል፤ በደጋ ብርድ ግን ሳይረጋ ይቆያል። ሙቀት የነገሮችን ለውጥ እንደሚያፋጥን የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ለምን ይህን ያህል እንደሚያፋጥን በቀመር አስደግፎ ያብራራው ግን ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንተ አሬኒየስ ነው።

አሬኒየስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 በኡፕሳላ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ ያለ አስተማሪ ማንበብ እንደቻለ ይነገርለታል። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1881 ወደ ስቶክሆልም አቀና፤ በዚያም ጨው በውኃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን ምክንያት መመርመር ጀመረ።

በ1884 የዶክትሬት ጽሑፉን ለኡፕሳላ መምህራን አቀረበ። መምህራኑ ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ ዝቅተኛ ውጤትም ሰጡት። በዚያ ውጤት የዩኒቨርሲቲ መምህር የመሆን ተስፋው ሊመክን ተቃረበ። ወጣቱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጽሑፉን በውጭ አገር ለሚገኙ ታላላቅ ሊቃውንት ላከ። ከእነርሱም አንዱ ቪልሄልም ኦስትቫልት ከሪጋ ድረስ ወደ ኡፕሳላ መጥቶ ጎበኘው፤ የሥራ ቦታም ሊሰጠው ፈቀደ። የውጭው ሊቅ ያከበረውን ወጣት ኡፕሳላም ችላ ማለት ስላልቻለች የመምህርነት ቦታ ሰጠችው።

በ1889 አሬኒየስ የሸንኮራ አገዳ ስኳር በአሲድ አማካይነት ወደ ሁለት ቀላል ስኳሮች የሚለወጥበትን ፍጥነት መረመረ። የዚህን ለውጥ ፍጥነት በ1850 የለካው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ ነበር። የአለካኩ ዘዴ ብልሃት የተሞላበት ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ የተደረገ ብርሃን በስኳር ውኃ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ስኳሩ ሲለወጥ ደግሞ ዙረቱ ቀስ በቀስ ወደ ግራ ይሸጋገራል። ስለዚህ መርማሪው ውሁዱን ሳይነካ፣ በየደቂቃው የብርሃኑን ዙረት እየመዘገበ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ ያሰላል። ይኸው ሥራ በተለያየ የሙቀት መጠን ሲደጋገም የሙቀት ተጽዕኖ በቁጥር ይታወቃል።

ውጤቱ እንቆቅልሽ ነበር። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል። የሞለኪውሎች የእንቅስቃሴ ፍጥነት ግን በዚያው ጭማሪ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? የአሬኒየስ መልስ፣ ለለውጥ ብቁ የሚሆኑት ሞለኪውሎች ሁሉም ሳይሆኑ በቂ ኃይል ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የሚል ነበር። ከፍ ያለ ተራራን ብርቱዎች ብቻ እንደሚሻገሩት ማለት ነው። ሙቀት ጥቂት ሲጨምር የብርቱዎቹ ቁጥር እጅግ ይበዛል። ሆላንዳዊው ያኮብስ ቫንት ሆፍ ቀደም ሲል ያቀረበውን ቀመር መሠረት አድርጎ ይህን ሐሳብ ስላብራራበት፣ ቀመሩ ዛሬም በአሬኒየስ ስም ይጠራል።

ከዚያ በኋላ በስቶክሆልም አስተማረ፤ በ1895 ፕሮፌሰር ሆነ። በ1896 በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቅ አስልቶ አሳተመ። በ1903 ደግሞ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ፤ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ስዊድናዊም ሆነ። ለሽልማቱ ያበቃው በዝቅተኛ ውጤት ከታለፈው ከዚያ የዶክትሬት ጽሑፍ ያደገው ንድፈ ሐሳብ ነበር።

አሬኒየስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1927 በስቶክሆልም አርፎ በኡፕሳላ ተቀበረ። ሥራው ግን ከሰው ሕይወት አልራቀም። መድኃኒት አምራቾች መድኃኒቱን ለወራት በሙቀት አቆይተው የተበላሸውን መጠን ይለካሉ፤ ከዚያም በተለመደው ሙቀት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያሰላሉ። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የምናነበው የማብቂያ ቀንና ከሙቀት ጠብቁ የሚለው ማሳሰቢያ የሚመነጩት ከዚሁ ዕውቀት ነው።