ሕዝቡ እስኪደርስ፦ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እና የድምፃችን ታሪክ

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር ግምጃ ቤት ውስጥ ቡና ያለበት ቤት ሁሉ በተንታኝ ይሞላል። ፔንሲልቫንያን ካርታ ላይ ማሳየት የማይችል ልጅ ስንት የመራጭ ወኪል እንዳላት በቃሉ ይነግራችኋል። ክፋት የለውም፣ እኔም እንደዛው ነኝ። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ እዚህ እኛ አገር፣ ሕዝብ እንደራሴውን ራሱ ይመርጣል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ሕግ ላይ የሰፈረው መቼ ነው? ሕጉን ያረቀቀውስ ማን ነው?

ሰውየው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላሉ። ዘመኑ 1923 ዓ.ም. ነው። ነገሩን የሚያስገርመው ግን ሐሳቡ የሰፈረበት መንገድ ነው። ሕጉ ሕዝቡ ይመርጣል አለና፣ አሁን ግን አይመርጥም አለ። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአሜሪካዎቹን ብቻ በፈረንጆቹ።)

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ሰያ ደብር በሚባል ቦታ ነው። በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ገቡ። የአድዋ ዘመቻ ሲነሳ ገና የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ናቸው፤ ከራስ መኮንን ጦር ጋር ሄዱ። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ለመሄድ ባጃጅ ይጠብቃል።

ከድሉ በኋላ ሩሲያ ተላኩ። እዚያ ከአስር ዓመት በላይ ኖሩ፣ የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። እሳቸው እዚያ በነበሩበት ጊዜ ሩሲያ በአመጽ ተናጠች፣ ንጉሡም ተገደው ዱማ የሚባል ፓርላማ ፈቀዱ። የመጀመሪያው ዱማ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሶስት ወር ሳይሞላው ንጉሡ ዘጉት። ሕዝብ መርጦ የላከው ሰው በአንድ ትዕዛዝ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማለት ነው። ያንን በወጣትነቱ በቅርብ ያየ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ የራሱን አገር ፓርላማ በወረቀት ላይ ሊነድፍ ነው።

አገራቸው ተመልሰው፣ ደግሞ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሄደው እርሻ አጠኑ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ብዘረዝር ፖስቱ አያልቅም። ልጅ እያሱን ከሥልጣን ባወረደው የ1909ኙ ነገር ውስጥ ከዋናዎቹ አንዱ ነበሩ። ጅጅጋን አስተዳደሩ። ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ቆረቆሩ። በ1910ዎቹ ደግሞ ፋቡላ የሚል ተውኔት ጻፉ፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር የሚባለው እሱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው፣ የሚተቸው ግን የመንግሥት አሠራርን ነው። ቤተ መንግሥት ነገሩ ገባውና ታገደ። ይህን የማነሳው ሰውየው የታዘዘውን ብቻ የሚጽፍ ጸሐፊ እንዳልነበረ እንድታዩ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 1923 ላይ ዘውድ ጫኑ። ወዲያው ሕገ መንግሥት ይረቀቅ ተባለ፣ ሥራውም ለተክለ ሐዋርያት ተሰጠ። እሳቸው በዋናነት የተመለከቱት የጃፓንን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጃፓን ነጭ ያልሆነች፣ ንጉሥ ያላት፣ በአጭር ጊዜ የሰለጠነች አገር ነበረች። ያኔ የተማሩት ኢትዮጵያውያን ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ሕገ መንግሥቱ ተፈረመ። 55 አንቀጽ ነው። መኳንንቱ ፊት ቆመው ምን ማለት እንደሆነ ያብራሩትም ራሳቸው ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ። የሕግ መወሰኛ የሚባለውን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾሙታል። የሕግ መምሪያ የሚባለው የሕዝቡ ነው ተባለ፤ ግን አባላቱን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። እስከ መቼ? ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ።

ይህቺን ሐረግ ወደ እኛ ሰፈር አምጥታችሁ አስቧት። በ1923 ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የአገው ምድር ገበሬ ግብሩ በዝቶበት ለማን አቤት ይላል? አዲስ አበባ ላለው እንደራሴው። እንደራሴውን ማን መረጠው? ግብሩን የሚያስከፍሉት ሹማምንት። በቃ፣ ክቡ እዚህ ይዘጋል።

ደግሞ አልደረሰም የተባለው ገበሬ በዚያው ሳምንት የእድሩን ዳኛ ይመርጣል። እቁቡን ማን እንደሚሰበስብ ይመርጣል። ሁለት ሰው ሲጣላ የትኛው ሽማግሌ እንደሚዳኘው ይመርጣል፣ ያ ሽማግሌ ካዳላ ደግሞ ሁለተኛ አይጠራውም። መምረጥ የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። ያልተፈቀደለት መንግሥትን መምረጥ ብቻ ነው።

ግን ለተክለ ሐዋርያትም ፍትሐዊ እንሁን። ያኔ መኳንንቱ የፈለጉት ግዛታቸው ለልጆቻቸው በውርስ እንዲጸና ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ገበሬው ይመርጣል የሚል ቃል ማስገባት ራሱ ቀላል አልነበረም። እንደኔ እንደኔ ሐረጓ በር ናት፤ ቁልፉ ግን ከውጭ አልተሰጠም። ሕዝቡ ደረሰ ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ ሕጉ አልተናገረም።

አሜሪካ እዚህ ጋ ትመጣለች። ብዙዎቻችን እዚያ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የሚመርጥ ይመስለናል። አይደለም። የአገሪቱ መሥራቾች በሕዝቡና በፕሬዚዳንቱ መካከል መራጭ ወኪሎች አስቀመጡ፤ ዛሬ 538 ናቸው፣ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ሴናተሮችንም እስከ 1913 ድረስ የሚመርጡት የየክልሉ ምክር ቤቶች ነበሩ፣ ሕዝቡ አልነበረም። ለዚህ ነው በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ ሶስት ሚሊዮን በሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ በልጠው የተሸነፉት። በ2000 ደግሞ ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ነው፣ ቆጠራውን ያስቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው።

ከሁሉም የከፋው የ1876ቱ ነው። ሳሙኤል ቲልደን የሕዝቡን አብላጫ ድምፅ አገኙ፤ የሶስት የደቡብ ክልሎች ውጤት ግን አጨቃጨቀ። 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቁሞ 8 ለ 7 በሆነ ድምፅ ሁሉንም ለራዘርፎርድ ሄይስ ሰጠ። 185 ለ 184፣ በአንዲት ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ ጦር ደቡቡን ለቆ ወጣ፣ ጥቁሮቹ መራጮች ያለ ጠባቂ ቀሩ። ቀስ በቀስ የንባብ ፈተና ተባለ፣ የምርጫ ግብር ተባለ፤ ፈታኙ ነጭ ሹም ነው፣ አለፈ ወደቀ የሚለው እሱ ነው። ያቺው አልደረሳችሁም የምትለው ነገር ናት፣ በሌላ ቋንቋ። ያ የቀረው በ1965 በወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። ይህን ሳውቅ ነው ለተክለ ሐዋርያት ሐረግ ያለኝ አስተያየት የተለወጠው፤ የኋላ ቀር አገር ጣጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ተክለ ሐዋርያት ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ነበሩ። የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። በ1928 መጀመሪያ ከ54 አባል አገሮች 50ው ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ይጣል ሲሉ ተስማሙ። በየትኛውም ምርጫ ይህ ውጤት ጭፈራ ነው። ነገር ግን ነዳጁ ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፣ የጣሊያን መኪናና አውሮፕላን መንቀሳቀሱን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ማዕቀቡ ራሱ ተነሳ። ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል፣ ማንም ውጤቱን አልካደም፤ አዲስ አበባ ግን ተይዛለች።

ከወረራው በኋላ የስደት ኑሮ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ማዳጋስካር። አገሪቱ በ1933 ነጻ ስትወጣ ሌሎቹ ስደተኞች ተመልሰው ሹመት ሲያገኙ እሳቸው ለብዙ ዓመታት አልተመለሱም። ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበረው ነገር አልረገበም ነበር።

እሳቸው በሌሉበት አገሩ ተለወጠ። ጥቅምት 1948 ላይ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። እነሆ፣ ሕዝቡ ደርሷል ተባለ። ከ1923 እስከዚያ 25 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በ1949 የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ ተደረገ፣ 21 ዓመት የሞላው ሴትም ወንድም መምረጥ ቻለ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ጥሩ ዜና ነው። ግን ፓርቲ የለም። ለመወዳደር ንብረት ሊኖርህ ይገባል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው፣ ፓርላማውን መበተንም ይችላሉ፤ ልክ እንደ ዱማው።

ያ ፓርላማ ምን ያህል የገበሬው እንደነበር ጎጃም በደንብ አሳይቷል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በተመረጠው ምክር ቤት በኩል ነው ያለፈው፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ ገበሬው ራሱ ተስማምቷል። ሞጣና ቢቸና ላይ ያለው ገበሬ ግን ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ጠመንጃውን አነሳ። ጦር ተላከ፣ ሰው አለቀ። መጨረሻ ላይ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። በድምፁ ያላገኘውን በጥይት አገኘው። አያቶቻችን ይህን አይተው ነው ምርጫ ሲባል ትከሻቸውን የሚነቀንቁት፤ እኛ ደግሞ የ1997ቱን ጨምረንበታል፣ ገዢውም ተቃዋሚውም አሸነፍኩ ያሉበትን፣ የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት እንዳወጡት 193 ሰላማዊ ሰው የሞተበትን።

ተክለ ሐዋርያት በስተመጨረሻ ተመለሱ። ሥልጣን አልፈለጉም ወይም አልተሰጣቸውም፤ ድሮ ወዳስተዳደሩት ጨርጨር ወርደው ሂርና ላይ እርሻ ያዙ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል፤ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል። ካገኛችሁት አንብቡት፣ ወፍራም ነው ብላችሁ አትፍሩት።

ዕድሜ ሰጥቷቸው ሁሉንም አዩ። የጻፉት ሕግ ሲሻር አዩ። ሕዝቡ አምስት ጊዜ ሲመርጥ፣ ከ1949 እስከ 1965 በየአራት ዓመቱ፣ አዩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ፓርላማውንም ዘጋ። ሩሲያ ያዩት ነገር በዘጠና ዓመታቸው ቤታቸው ድረስ መጣ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. አረፉ። አገሪቱ ቀጥሎ በአገር ደረጃ ድምፅ የሰጠችው በ1979 ነው፣ ያውም በአንድ ፓርቲ ሥር።