ማሞ ወልዴ

ሻምበል ማሞ ወልዴ (ሰኔ 5 ቀን 1924 – ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.) ከ800 ሜትር ጀምሮ እስከ ማራቶን ድረስ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ነበር። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ በማራቶን ወርቅ፣ በ10,000 ሜትር ደግሞ ብር አግኝቷል። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ ኦሎምፒክ በ40 ዓመት ዕድሜው የማራቶን ነሐስ ወስዷል። በሙኒክ 3ኛ የወጣው የቡድኑ ኃላፊዎች ልኩ ያልሆነ ጫማ እንዲያደርግ ስላስገደዱት መሆኑን ማሞ በኋላ ተናግሯል። በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ከቀይ ሽብር ዘመን ጋር በተያያዘ ክስ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ፣ ከተፈታ ጥቂት ወራት በኋላ አርፏል።

ልጅነትና ውትድርና

ማሞ የተወለደው ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአድአ አካባቢ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ወደ ኮሪያ ዘምቶ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሁለት ዓመት ያህል አገልግሏል። ታናሽ ወንድሙ ደምሴ ወልዴም ሯጭ ሲሆን በቶኪዮና በሙኒክ ኦሎምፒክ በማራቶን ተሰልፏል።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ያደገው በሠራዊቱ ውስጥ ነበር። ሯጩ ደመወዙን፣ ምግቡንና የልምምድ ጊዜውን የሚያገኘው ከክፍሉ ነው፤ ትእዛዝ የሚቀበለውም ከአለቃው ነው። ይህ አሠራር አበበ ቢቂላንና ማሞን የመሰሉ ሯጮችን አፍርቷል። በሌላ በኩል ሯጩ ስለ ራሱ እግርና ስለ ራሱ ውድድር የሚሰጠው አስተያየት ከበላይ ትእዛዝ በታች እንዲሆን ያደርግ ነበር። የሙኒክን ታሪክ ለመረዳት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አዲስ አበባ በማሞ ዘመን

በዘመኑ የአገር ውስጥ የሩጫ ውድድሮች ማዕከል በአሁኑ አጠራር በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። በወቅቱ ስታዲየሙ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደበትና ኢትዮጵያ ያሸነፈችበትም እዚሁ ነው። ከስታዲየሙ ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው አቅጣጫ ዛሬ መስቀል አደባባይ የሚባለው ሜዳ፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛሉ።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሠራው ድርጅት ምኅጻረ ስም ነው። ማሞ በሮጠባቸው ዓመታት ይህ አካባቢ መልኩን ቀይሮ የአፍሪካ ዲፕሎማሲ መናኸሪያ ሆነ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በአፍሪካ አዳራሽ ነው። በሮም፣ በቶኪዮና በሜክሲኮ ሲቲ የተገኙት የማራቶን ድሎች ከዚሁ ዘመን ጋር ተገጣጥመው የአገሪቱን ስም በዓለም አስጠርተዋል።

ከሜልቦርን እስከ ቶኪዮ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ማሞ በዚያ ቡድን ውስጥ ሆኖ በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በ4 በ400 ሜትር የዱላ ቅብብል ቢሮጥም ከማጣሪያው አላለፈም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት በ1952ቱ የሮም ኦሎምፒክ አልተሳተፈም።

በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ማሞና አበበ በአሜሪካ የቦስተን ማራቶን አብረው ሮጡ። ሁለቱ ከመነሻው ጀምሮ የቦታውን ክብረ ወሰን በሚያሻሽል ፍጥነት ለብቻቸው ወጥተው እስከ 29ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ መሩ። ከዚያ በኋላ የኒውተን ዳገቶችና ከፊት የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ አዳከሟቸው። ድሉን ቤልጅጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ ወሰደ፤ አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆኑ። ጉልበትን ለመጨረሻው ሩብ ሳያስቀምጡ በመጀመሪያው ክፍል ማውጣት ምን እንደሚያስከፍል ይህ ውድድር በግልጽ አሳይቷል።

በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማሞ በ10,000 ሜትር አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ ባልተጠበቀ ሁኔታ ባሸነፈበት ውድድር 4ኛ ወጣ። በማራቶኑም ተሰልፎ ነበር፤ ነገር ግን አልጨረሰም። ያን ማራቶን አበበ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

ሜክሲኮ ሲቲ

የ1961 ዓ.ም. ኦሎምፒክ የተካሄደው ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማ ነው። ቀጭን አየር በደጋ ለኖሩና ለተለማመዱ ሯጮች አመቺ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን በተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ማሞ እስከ መጨረሻው ዙር ለወርቅ ታግሎ በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ0.6 ሰከንድ ብቻ ተቀደመ። የቱኒዚያው ሞሐመድ ጋሙዲ 3ኛ ስለሆነ ሦስቱም ሜዳሊያዎች ወደ አፍሪካ ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ጥቅምት 10 ቀን ማራቶኑ ተካሄደ። አበበ ቢቂላ ሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ እንዲያመጣ ይጠበቅ ነበር፤ ሆኖም እግሩ ላይ ጉዳት ስለነበረበት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ከማቋረጡ በፊት ድሉ የማሞ ኃላፊነት መሆኑን እንደነገረው ይተረካል። ማሞ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ቴሙን ጥሎ ብቻውን ሮጠ፤ ቴሙ ደክሞ 19ኛ ሆነ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ሲገባ ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ 3 ደቂቃ ከ4.6 ሰከንድ ዘግይቶ 2ኛ፣ የኒውዚላንዱ ማይክ ራያን 3ኛ ሆኑ። ሌላው ኢትዮጵያዊ መርዓዊ ገብሩ 6ኛ ወጣ።

በዚህ ድል ኢትዮጵያ በሦስት ተከታታይ ኦሎምፒኮች የማራቶን ወርቅ አገኘች። አገሪቱ ከሜክሲኮ ያመጣቻቸው ሁለቱም ሜዳሊያዎች የማሞ ነበሩ።

ሙኒክና የጫማው ጉዳይ

ማሞ ወደ ሙኒክ የሄደው የማራቶን ሻምፒዮን ሆኖ ነው። ኦሎምፒኩ በ11 የእስራኤል ቡድን አባላት ግድያ ምክንያት ተቋርጦ ስለነበር ውድድሮቹ በአንድ ቀን ተራዘሙ። ማራቶኑም በመዝጊያው ዋዜማ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ተካሄደ። ለኢትዮጵያውያን ቀኑ የዓመቱ መጨረሻና የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር።

በዚህ ውድድር ማሞ ያደረገው ራሱ የመረጠውን ጫማ አልነበረም። በኋላ እንደተናገረው የቡድኑ ኃላፊዎች ለእግሩ ልክ ያልሆነ ጫማ እንዲያደርግ አስገድደውት ነበር፤ ወርቁን ያጣውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ያምን ነበር።

ጫማ በማራቶን ቀላል ነገር አይደለም። በ42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ ውስጥ እግር ይሞቃል፤ ያብጣልም። ጫማው ከጠበበ ጣቶችን ይጨቁናል፣ ጥፍር ያቆስላል፤ ከሰፋ ደግሞ ይፋተግና ውኃ ይቋጥራል። ሯጩ ሕመሙን ለመሸሽ አረጋገጡን ሲለውጥ ጭነቱ ወደ ባትና ወደ ጉልበት ይሸጋገራል። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው አዲስ የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ነበር። ከ12 ዓመት በፊት የነበረው ይህ ልምድ ለሙኒኩ ቡድን ትምህርት ሊሆን ይችል ነበር።

መንገዱ በከተማዋ መናፈሻዎች ጠጠራማ መንገዶች ጭምር ያልፍ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር 15ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየ። ማሞ ከቤልጅጋዊው ካረል ሊስሞንትና ከአሜሪካዊው ኬኒ ሙር ጋር ለቀሩት ሜዳሊያዎች ተፎካከረ። ሾርተር በ2:12:19.8 አሸነፈ፤ ሊስሞንት በ2:14:31.8 2ኛ ሆነ፤ ማሞ በ2:15:08.4 3ኛ ገባ። ሙር በ31.4 ሰከንድ ዘግይቶ ሜዳሊያ ሳያገኝ 4ኛ ሆነ።

ማሞን ከወርቁ የለየው 2 ደቂቃ ከ48.6 ሰከንድ፣ ከብሩ የለየው ደግሞ 36.6 ሰከንድ ነው። ሾርተር ያን ቀን እጅግ ጠንካራ ሩጫ ስለሮጠ ትክክለኛ ጫማ ብቻውን ወርቁን ያስገኝ ነበር ማለት አይቻልም። የብሩ ልዩነት ግን በእግር ሕመም ምክንያት በቀላሉ ሊጠፋ የሚችል ጊዜ ነው። ከሜክሲኮው ጋር ሲነጻጸር የማሞ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ የተሻለ ነበር፤ ይህም ሙኒክ ከሜክሲኮ ሲቲ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ከመሆኗ ጋር ይያያዛል። ማሞ ከአበበ ቀጥሎ በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች የማራቶን ሜዳሊያ ያገኘ ሁለተኛው ሰው ሆነ።

በዚያው ኦሎምፒክ ሌላም ዕድል ባክኗል። በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 ሜትር ውድድሩ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ ሳይሮጥ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ቡድን ከሙኒክ ያመጣው የማሞንና የምሩፅን ሁለት ነሐሶች ብቻ ነው። ሯጮቹ ለሜዳሊያ የሚበቃ አቅም ነበራቸው፤ የጎደለው ከሩጫው ውጭ ያለው ዝግጅት ነው።

ከሙኒክ በኋላ

ማሞ ከአራት ወር በኋላ፣ በጥር 1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተካሄደው የመላ አፍሪካ ጨዋታ ማራቶንን አሸነፈ። ጓደኛው አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ከቆየ በኋላ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፈ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ ከዚያም ማሞ ያገለገለበት ንጉሣዊ ሥርዓት ፈረሰ።

እስርና ፍርድ

በደርግ ዘመን ማሞ በቀበሌ አመራር ውስጥ ሠርቷል። ደርግ ከወደቀ በኋላ የዘመኑን ወንጀሎች እንዲመረምር የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በቀይ ሽብር ወቅት በተፈጸመ የአንድ ታዳጊ ግድያ ተሳትፏል ሲል ከሰሰው። ማሞ በቦታው የተገኘው በበላይ ትእዛዝ መሆኑንና በግድያው እንዳልተሳተፈ ገልጾ ተከራከረ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከታሰረ በኋላ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ፍርድ ሳያገኝ ቆየ። የቀይ ሽብር ተጎጂ ቤተሰቦች ለረጅም ጊዜ ፍትሕ ሲጠብቁ ነበር፤ ተከሳሾቹም ያለ ፍርድ ዓመታት አሳለፉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ የማሞ ጉዳይ እንዲፋጠን ጠየቁ። በሙኒክ በማሞ ተቀድሞ ሜዳሊያ ያጣው ኬኒ ሙር በዚህ ጊዜ የስፖርት ጸሐፊ ነበር፤ ማሞ ፍትሐዊ ፍርድ እንዲያገኝ በጽሑፎቹ አጥብቆ ተሟገተ።

ፍርድ ቤቱ በ1994 ዓ.ም. ማሞን ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት። ቀድሞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ ስለነበር ወዲያው ተፈታ። ሆኖም ጤንነቱ ተጎድቶ ስለነበር ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ አረፈ።

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ያለው ቦታ

ከማሞ ድል በኋላ ኢትዮጵያ በወንዶች የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ለማግኘት 32 ዓመት ጠብቃለች። ከነዚህ ዓመታት ውስጥ አገሪቱ በ1976፣ በ1984ና በ1988 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒኮች አልተሳተፈችም። ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያሸንፍ ማሞ ገና እስር ቤት ነበር። በ2024 ታምራት ቶላ በፓሪስ ሲያሸንፍ ከአበበ፣ ከማሞና ከገዛኸኝ ቀጥሎ አራተኛው ኢትዮጵያዊ የወንዶች ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ።

የማሞ ስም ብዙ ጊዜ ከአበበ ቢቂላ ጋር አብሮ ቢነሳም ያደረጋቸው ውድድሮች ስፋት የራሱ ነው። በ1949 ዓ.ም. በ800 ሜትር ጀምሮ በ1964 ዓ.ም. በማራቶን ሜዳሊያ እስኪያገኝ ድረስ 16 ዓመት ያህል በከፍተኛ ደረጃ ሮጧል። በሙኒክ የገጠመው ደግሞ አንድ ቡድን ለሯጩ መሣሪያ፣ ለሰዓት አጠባበቅና ለራሱ ለሯጩ ቃል ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት የሚያስረዳ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።