የራስ ኃይሉ መንገድ

ዓባይን ተሻግረው፣ ደጀንን አልፈው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ ሉማሜን ያገኛሉ። ብዙዎቻችን በመኪና መስኮት አይተን የምናልፋት ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የዚህ አካባቢ ገበሬ፣ ራሱ ባልሄደበት አንድ የአውሮፓ ጉዞ ውስጥ ድርሻ ነበረው። ከተጓዦቹ አንዱ ግብሩን የሚያስገብሩት የጎጃሙ ገዥ፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩና።

ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ጎጃምን ገዙ። ብልህ ነበሩ፤ ገንዘብም ይወዱ ነበር። ግብር በማብዛትና ሹመት በገንዘብ በመስጠት ስማቸው ይነሣል።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው ለጉብኝት ወጡ። ራስ ኃይሉ፣ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ሌሎችም አብረው ነበሩ። ኃያላኑ የተወሰዱት ዓለምን እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን፣ አገር ቤት ቀርተው እንዳያሴሩም ጭምር ነው የሚሉ አሉ።

ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምንና ለንደንን አዩ። እንግዲህ ትልቁ ልዩነት በልብስና በምግብ ላይ አልነበረም። በእንግሊዝና በስዊድን ንጉሥ በክብር ይቀበላል፤ የሕዝብን ገንዘብ ወጪ የሚፈቅደው ግን ፓርላማ ነው። በጎጃም የራሱ ካዝናና የአገሩ ካዝና ድንበር አልነበረውም።

መርከቡ አንድ ቢሆንም ከጉዞው የተመለሰው ሁሉ ያመጣው አንድ ዓይነት አልነበረም። ኅሩይ ያዩትን መጽሐፍ አድርገው ጻፉ። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙባቸው። ነግሠው በ1923 ዓ.ም. የጽሑፍ ሕገ መንግሥት አወጡ፤ እርሱም ቢሆን ከሁሉ በላይ ያጠነከረው የራሳቸውን ሥልጣን ነው።

ራስ ኃይሉስ? መኪናና ዘመናዊ ንግድ የሚወዱ፣ በአዲስ አበባ ገንዘባቸውን በሥራ ላይ የሚያውሉ መስፍን ነበሩ። በዚህ በኩል ከብዙ እኩዮቻቸው ቀድመው ነቅተዋል። የገበሬው ሸክም ግን አልቀለለም። አውሮፓ ሀብት እንዴት እንደሚበዛ አሳየቻቸው፤ ሀብት በሕግ እንደሚገደብም አሳይታ ነበር። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተፈረደባቸው። ግዛታቸውም ሀብታቸውም ተወሰደ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ያለ ሕግ የተሰበሰበን ሀብት የሚጠብቅለት ሕግ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በእንግድነት ላዩት ለሙሶሊኒ መንግሥት ገቡ፤ ከታላላቆቹ ባንዳዎችም አንዱ ሆኑ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ እጃቸውን ሰጡ። የቀረ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ በቁም እስር አሳልፈው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ።

መንገድ ሰውን ይለውጣል እንላለን። ለነገሩ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ልንወስደው ተዘጋጅተን የሄድነውን ነው። ዛሬም ሹማምንትና ባለሙያዎች ለልምድ ልውውጥ ተሰብስበው ውጭ አገር ይሄዳሉ፤ ሕንፃውንና መንገዱን አድንቀው ይመለሳሉ። ሕንፃውን ያቆመውን የሒሳብ ቁጥጥር፣ ሹሙን የሚጠይቀውን ዜጋ ስንቶቹ ልብ ይላሉ? ሪፖርታቸውን ለአለቃቸው ያቀርባሉ። ወጪውን የሸፈነው የሉማሜ ገበሬ ግን ምን አያችሁ ብሎ የመጠየቅ ዕድል እስካላገኘ ድረስ፣ ጉዞው የራስ ኃይሉ ጉዞ ነው።