ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ (ኅዳር 16 ቀን 1880 – ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1887–1943) የሩሲያና የሶቪየት ኅብረት የዕፅዋትና የዘረመል ሊቅ ነበር። ሰብሎች መጀመሪያ የተላመዱባቸውን የዓለም አካባቢዎች ለይቶ በማስቀመጡና በዘመኑ በዓለም ትልቁ የነበረውን የዘር ክምችት በማደራጀቱ ይታወቃል። ኢትዮጵያን ከእነዚህ አካባቢዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል።

ወጣትነትና ትምህርት

ቫቪሎቭ ሞስኮ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ወንድሙ ሰርጌይ ቫቪሎቭ ኋላ የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ሆኗል። ኒኮላይ ገና ሕፃን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 እና 1892፣ ሩሲያ በጽኑ ረሃብ ተመታች፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ታሳልፍ ነበር። በሞስኮ የግብርና ተቋም ከተማረ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ከዘረመል ጥናት መሥራቾች አንዱ በሆነው በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1917 በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም በፔትሮግራድ (ኋላ ሌኒንግራድ) የአገሪቱን የአዝርዕት ምርምር ተቋም እንዲመራ ተሾመ።

የምርምር ሐሳቡ

ቫቪሎቭ የአንድ ሰብል ልዩ ልዩ ዓይነቶች በብዛት የሚገኙበት ቦታ የሰብሉ መነሻ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1926 አሳተመ። ድርቅን፣ በሽታንና ደካማ አፈርን የሚቋቋም ሰብል ለማግኘት ገበሬዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት መርጠው ካቆዩት ዘር መነሳት ያስፈልጋል የሚል አቋም ነበረው። ስለዚህ በአምስት አህጉራት እየተዘዋወረ ከማሳና ከገበያ ዘር ሰበሰበ።

በኢትዮጵያ

ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1926 መጨረሻ – 1927) ከጅቡቲ በባቡር ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አዲስ አበባ ላይ በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋገሩት። ከዚያም በቅሎዎችና አጃቢዎች ይዞ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በጎንደርና በአክሱም በኩል አልፎ አስመራ ደረሰ። በመንገዱም የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍ፣ የጥራጥሬና የቅባት እህል ናሙናዎችን ሰበሰበ። በአክሱም አካባቢ ያገኘው ጢም የሌለው ዱረም ስንዴ ከጉዞው ትልልቅ ግኝቶች ይቆጠራል።

ጤፍና ኑግ የኢትዮጵያ የራሷ ሰብሎች መሆናቸውን በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም አጽንተዋል። በስንዴና በገብስ ረገድ ግን ሐሳቡ ተሻሽሏል። እነዚህ መጀመሪያ የተላመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከደረሱ በኋላ ወደ ብዙ ዓይነት ተከፋፍለዋል።

ከአፈር ጤና ጋር ያለው ግንኙነት

ቫቪሎቭ ያያቸው ማሳዎች በአንድ ዓይነት ዘር ብቻ የተሸፈኑ አልነበሩም፤ ብዙ ዓይነቶች ተደባልቀው ይበቅሉባቸው ነበር። የደጋ ገበሬ ስንዴ ወይም ገብስ ካጨደ በኋላ በማሳው ላይ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ እያፈራረቀ ይዘራል። በጥራጥሬ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ስለሚያቀርቡ መሬቱ ከእህል በኋላ ያገግማል። ማፈራረቁ የበሽታና የአረም ዑደትንም ይሰብራል። ይህ ልማድ የሚዘልቀው ግን የየአካባቢው ዘር እስካለ ድረስ ነው። ለአካባቢው አፈርና ከፍታ የተስማማው ዘር ከጠፋ ገበሬው የሚያፈራርቀው ያጣል።

ይህ ብዝኃነት በአዲስ አበባ በተለይ በመርካቶ (አዲስ ከተማ) እህል በረንዳ ይታያል። ጤፍ በዚያ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ እየተባለ ይለያል፤ ሰርገኛ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ነው። ቫቪሎቭ በመጣበት ዘመን የከተማው ዋና ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር፤ ወደ አሁኑ መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው።

እስራትና ሞት

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ የዘረመልን ሳይንስ በመካድና ፈጣን ምርት ተስፋ በመስጠት የስታሊንን ድጋፍ አገኘ። ቫቪሎቭ በግልጽ ተቃወመው። ሐምሌ 30 ቀን 1932 ዓ.ም. በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስብ ተይዞ በአሻጥርና በስለላ ተከሰሰ። በቀጣዩ ዓመት ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ኋላ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ሆኖም ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ሲደክም የኖረው ሊቅ በሳራቶቭ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎድቶ ሞተ፤ በጅምላ መቃብርም ተቀበረ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ ነበር። የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝ፣ በስንዴና በድንች ክምችት መካከል ሆነው፣ ዘሩን ሳይነኩ ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ።

ቅርስ

የሶቪየት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1955 ቫቪሎቭን ነጻ አደረገ፤ የመራው ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኢትዮጵያን አስመልክቶ የጻፈው የኋላ ተመራማሪዎችን ስቧል። ለምሳሌ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ዘረመል በካሊፎርኒያ ገብስን ከቢጫ አቀንጫሪ የቫይረስ በሽታ ለመከላከል ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሬው ዘር በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር እንዲጠበቅ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የባንኩ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል።