ዘውዱ የሸፈነው ልጅነት

የእቴጌ መነን አስፋው ስም ሲነሣ ዘውዱና ቤተ መንግሥቱ ይታወሱናል። ከዘውዱ በፊት ያለፈውን ልጅነታቸውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

መነን የተወለዱት በ1880ዎቹ መጀመሪያ በወሎ ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደግሞ የደሴው ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው። አያታቸው ራስ ሚካኤል በ1870 ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር።

ልጅነታቸውን ሳይጨርሱ ቤተሰባቸው ለወሎው መኰንን ለደጃዝማች ዓሊ ዳራቸው። ሁለት ልጆች ወልደው ትዳሩ ፈረሰ። ቀጥሎ ለደጃዝማች አመዴ ተዳሩ፤ ሁለት ልጆች ጨመሩ፤ ባላቸው ሞቱ። ከዚያም አያታቸው በዕድሜ እጅግ ለሚበልጧቸው ለሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ሰጧቸው። ይህም በቤተሰብ ውሳኔ ፈርሶ በ1903 ደጃዝማች ተፈሪን ሲያገቡ ዕድሜያቸው ገና ሃያ ዓመት ግድም ነበር። በዚያ ዕድሜ የአራት ልጆች እናት ነበሩ፤ ተፈሪ አራተኛ ባላቸው ናቸው።

ይህን ያደረገባቸው ጠላት አይደለም፤ የሚወዳቸው ቤተሰብ ነው። ለመሳፍንቱ ጋብቻ የሥልጣን ማጠናከሪያ ነበር። ለገበሬው አባት ደግሞ ዝምድና ማጥበቂያና የልጅን ክብር መጠበቂያ ይመስለዋል። የበደሉ አስቸጋሪነትም እዚህ ላይ ነው፤ ዱላ ስለሌለበት፣ እልልታ ስላጀበው ጥቃት መሆኑ አይታይም። የልጅቷ ትምህርት ግን ይቋረጣል፤ ሰውነቷ ሳይጠና ለምጥ ይዳረጋል።

እቴጌይቱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በስማቸው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የካቲት 8 ቀን 1954 ከማረፋቸው ሁለት ዓመት በፊት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ነበር። በ1992 የፌዴራሉ፣ በ1995 የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 አደረጉት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን በእስራት ይቀጣል።

ሕጉ ግን ብቻውን ከመካነ ሰላም ገጠር ጓዳ አይገባም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርትም ልጅቷ ስለ ትዳሯ እንድትጠየቅ ያዛል። እኛ ከተሜዎቹ ከቦረና ከዘመድ የሠርግ ጥሪ ሲደርሰን የድግሱን ወጪ ከመላካችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ሙሽራዋ ስንት ዓመቷ ነው? እሷስ ተጠይቃለች? የአጎት ወይም የአክስት አንድ ጥያቄ ኒካሑን ሊያዘገየው፣ ልጅቷንም ወደ ክፍሏ ሊመልሳት ይችላል። መነንን ግን በልጅነታቸው የጠየቀላቸው ሰው አልነበረም።